የትከሻዋ መስመር

ጥቅምት 8

ቀኑን ሙሉ ጭቃ። የአዲሱን መኪና ቅርጽ በጭቃ የምናወጣው ግማሹን ብቻ ነው። መሃሉ ላይ ትልቅ መስታወት እናቆማለን፣ የቀረውን ጎን መስታወቱ ይሞላዋል። ማታ ባለቤቴ እጄን አይታ፣ «ዛሬም ጭቃ ስታቦካ ዋልክ? ለዚህ ነው የተማርከው?» አለችኝ። ሳቅሁ። ከፊት በር ተነስቶ ወደ ኋላ መብራት የሚወርደው መስመር ዛሬ ጭቃው ላይ ቁጭ አለልኝ።

መስመሩን ያገኘሁት እሁድ ከሰዓት ነው። ልጄ ክንዷን ተንተርሳ በጎኗ ተኝታለች... ከትከሻዋ እስከ ወገቧ። በራሷ እርሳስ ሣልኩት። ስትነቃ አሳየኋት።

«ትከሻዬ ነው?»

«አዎ። መኪና ላይ ይወጣል።»

ያልነገረችው ጎረቤት የለም።

ጥቅምት 15

አለቃችን ጭቃ ቤት ብቅ አለ። በሌለበት «ጋሽ መስታወት» እንለዋለን፤ ፊቱ የቆመውን ሁሉ የራሱ ያደርጋል። መስመሩን በመዳፉ ዳበሰው። «ጥሩ መጥቶልናል» አለ። መጥቶልናል? እኛ እነማን ነን?

ጥቅምት 19

የድርጅቱ ባለቤቶች መጡ። እኔ ከኋላ፣ ከበሩ አጠገብ እንድቆም ተነገረኝ።

«ይህን መስመር ሳስበው...» አለ ጋሽ መስታወት። ሳስበው!

አንዷ ሴትዮ ጎንበስ ብላ አየችው። «እዚህ ጋ ለምን ዝቅ አለ?»

«ነፋሱ በቀላሉ እንዲያልፍ ነው።»

የነፋስ ሙከራ እኮ ገና አልሠራንም! ዝቅ ያለው ልጄ ክንዷን ስለተንተራሰች ነው። ልናገር? አጨበጨቡ። እኔም አጨበጨብኩ... እጄን በቆረጠው።

ጥቅምት 22

የሕግ ክፍል ጠራኝ። ሁለት ወረቀት ጠረጴዛው ላይ።

«ቤቴ ነው የሣልኩት፣ በእረፍት ቀኔ» አልኩ።

ጠበቃው አልተቆጣም። «ውልዎን አንብበውታል? እዚህ እየሠሩ የሣሉት ሁሉ፣ ቤትም ይሁን መንገድ ላይ፣ የድርጅቱ ነው።»

መፈረሙንስ ፈርሜያለሁ። ማንበብ ሌላ ነገር ነው።

መስመሩ የድርጅቱ ነው የሚለውን ፈረምኩ። ሁለተኛው ግን «መስመሩን የነደፈው አለቃዬ ነው» ይላል።

«ይሄም ውሉ ላይ አለ?»

ብዕሩን አገላበጠ። «እስከ ሰኞ ያስቡበት።»

ሁለተኛውን ወረቀት አጥፌ ኪሴ ከተትኩት።

ጥቅምት 24

ጋሽ መስታወት በሩን ዘግቶ አነጋገረኝ። «ወንድሜ፣ ስም ምን ይሠራልሃል? ይሄን ፈርም፣ የሚቀጥለው መኪና ባንተ ስም ይወጣል።» ላም አለኝ በሰማይ!

ለባለቤቴ ነገርኳት። «እምቢ ካልክ ያባርሩሃል» አለች። ቀጥላም፣ «ከፈረምክስ ለልጅቷ ምን ትላታለህ?»

ምን እላታለሁ?

ጥቅምት 26

አልፈረምኩም። ከምሳ በፊት መታወቂያዬን ተቀበሉኝ። የጭቃ ቤት ጓደኞቼ አንገታቸውን ደፍተው ጭቃውን መፋቅ ቀጠሉ። አልፈርድባቸውም፤ እኔም አጨብጭቤያለሁ። ጠበቃው እስከ በር ሸኘኝ።

«አንድ ነገር ላስታውስዎ። ያንን መስመር ሁለተኛ የትም እንዳይስሉት። ቢስሉት እንከስዎታለን።»

ሚያዝያ 4

ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ይህን ደብተር አልነካሁትም። አሁን የሱቅ ማስታወቂያ እጽፋለሁ። ያስቃል... የሰው ስም በትልቁ እየጻፍኩ እኖራለሁ።

ዛሬ ከልጄ ጋር አውቶቡስ ስንጠብቅ ያ መኪና አለፈ። ቀይ ነው። ዝቅ ያለችው ቦታም አለች፣ አላጠፏትም።

«አባዬ! ትከሻዬ!»

ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። ደስ አለኝ። አመመኝም።

ሚያዝያ 13

እሁድ። ከምሳ በኋላ ልጄ ምንጣፉ ላይ በጎኗ ተኛች፣ ክንዷን ተንተርሳ። ረዝማለች። እርሳሷን አነሳሁ። ከጆሮዋ ጀመርኩ... አንገቷ... ትከሻዋ ጋ ስደርስ እጄ ቆመ። የጠበቃው ድምፅ መጣብኝ። የማን ነው? የማን ልጅ ናት?

እስከ ወገቧ አወረድኩት። ከሥሩ ስሟን ጻፍኩ፣ ከስሟ ቀጥሎ የኔን።

ይክሰሱኝ።