የወደቀ ወታደር ሕግ

ለተከበርክና ለምወድህ ወንድሜ ክላይቭ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ስለ ጤንነትህ እጠይቃለሁ። ባለቤትህ ማውሪንስ እንዴት ናት? ትንሿ ልጃችሁ ፌይስ? በኒውዚላንድ በጋው እየተገባደደ እንደሆነ እገምታለሁ፤ እዚህ ብርዱ ገና አልለቀቀንም። እኔም አባባም ደህና ነን። በአባባ ጉዳይ «ደህና» የሚለውን ቃል ሳላመዛዝን እንደማልጽፍ ታውቃለህ፤ ዛሬ አመዛዝኜ ጽፌዋለሁ።

በመጨረሻው ደብዳቤህ «አባባ ወደ ጨዋታው ተመለሱ ወይ?» ብለህ ነበር። እንደምታስታውሰው፣ ቀኝ እጃቸው መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወዲህ በጠረጴዛ ላይ ጦርነት የሚጫወቱባቸውን ትንንሽ የቆርቆሮ ወታደሮች በሣጥን ከትተው የቅዳሜውን የጨዋታ ክበብ ትተዋል። አንዱን ሲያንቀሳቅሱ ሦስቱን ይጥላሉ። የክበቡ ባለ ዘጠና ገጽ የሕግ መጽሐፍ ደግሞ ስለወደቀ ወታደር ምንም ስለማይል፣ «ሞቷል»፣ «አልሞተም» በሚል ክርክር ቀኑ ይመሻል። ለዚህ ምክንያት መሆን ከበዳቸው።

ስለዚህ በአንድ ገጽ የሚያልቅ ሕግ አዘጋጀሁ፤ ሦስት ሳምንትም በሁለቱም ወገን ብቻዬን እየተጫወትኩ ፈተንኩት። እግረኛ አንድ ስንዝር፣ ፈረሰኛ ሁለት ስንዝር ይሄዳል፤ «የማን ስንዝር?» የሚል ጭቅጭቅ እንዳይነሣ ልኩን በእንጨት ቆርጫለሁ። ለተኩስ ባለ ስድስት ገጽ ዳይስ አንዴ መወርወር ይበቃል፤ አምስት ወይም ስድስት ከወጣ ይገድላል። ስምንተኛውና የመጨረሻው ሕግ እንዲህ ይላል፦ «በእጅ ተነክቶ የወደቀ ወታደር ደነገጠ እንጂ አልሞተም፤ ወዲያው ይነሣል።»

አባባ ገጹን ሁለት ጊዜ አነበቡና «ጁዲት፣ ይቺ ስምንተኛዋ ለኔ ታዝኖ የተጻፈች ናት» አሉኝ። እርሳስ አንሥተው ሰረዟትና «የወደቀ ሞቷል። በዚህ ከሆነ እመጣለሁ» አሉ። ግማሽ ጦራቸው ሳይተኮስበት እንደሚያልቅ ባሰላም ሕጓን እንደተሰረዘች ተውኳት።

ቅዳሜ በክበቡ አዳራሽ በዚያው ገጽ ሲጫወቱ ተጋጣሚያቸው አብሮህ የተማረው ዴዝመንድ ነበር፤ ያ እጅጌ ሰፊ ሹራብ የማይለየው። አባባ በግራ እጃቸው፣ አንድ በአንድ እያነሡ፣ በዝግታ ተጫወቱ። እስከ ሻይ ሰዓት የጣሉት አራት ብቻ ነው፤ አራቱንም እንደ ሞቱ ቆጥረው ራሳቸው ከጠረጴዛው አነሡ። ዴዝመንድ ግን ከሻዩ ጋር የቀረበ ፓይ ሊያነሣ ሲንጠራራ፣ እጅጌው የራሱን ጄኔራልና አሥራ አንድ ጠባቂዎቹን ጠራርጎ አጋደማቸው።

«ኧረ ጋሼ፣ ይሄማ አይቆጠርም!» አለ።

«የወደቀ ሞቷል! ባልሽን ፓይ ገደለው ብለህ ለሚስቱ ራስህ ጻፍላት» አሉት አባባ። አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ።

ዴዝመንድ ግን ያንን ጄኔራል ክረምቱን ሙሉ ቀለም ሲቀባው ስለከረመ ፊቱ ጠቆረ። አባባ ይህን አዩ። እርሳሴን ተቀብለው፣ «እንግዲህ ለዚህ ልጅ ስንል ነው» እያሉ ስምንተኛውን ሕግ መልሰው ጻፉት። ጄኔራሉ ተነሣ፤ አባባም ተሸነፉ። ካፖርታቸውን ሲለብሱ ግን «የዛሬ ሳምንት እጅጌህን ጠቅልለህ ና!» ብለው አስጠነቀቁት።

ለማውሪን አክብሮታዊ ሰላምታዬን አድርስልኝ። ፌይን ሳምልኝ፤ አባባ «ስትመጪ አልምርሽም» ብለዋታልና እንድትለማመድ ገጹን አብሬ ልኬላታለሁ። የሰባቱ ሕጎች ጽሕፈት የእኔ ነው። ስምንተኛው የእርሳቸው ነው፤ ፊደሎቹ ተንቀጥቅጠዋል፣ አንዱም ግን አልወደቀም።

እህትህ ጁዲት
ስኪፕተን፣ እንግሊዝ
ማርች 16 ቀን 2009