የረቡዕ መንገድ

ሐሙስ፣ ሐምሌ 9

ውድ ልጄ ሚጣዬ፣

ዱሮ ደብዳቤ ሲጀመር «እኔ በጣም ደህና ነኝ» ይባል ነበር። እሷን መስመር ዘልያታለሁ። ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ብለሽ እንደምትደነግጪም አውቃለሁ። ስልክ ትንፋሽ ይፈልጋል፤ እኔ ደግሞ ሁለት ነገር ተናግሬ ሦስተኛውን ለመጀመር እንደ አሮጌ ሞተር መንተፋተፍ ይዣለሁ። በጽሑፍ ሲሆን መሐል ላይ ቢያርፉ ማንም አይሰማም። የምታስታምመኝ ሲስተር ፎቶ አንስታ እልክልሃለሁ ብላኛለች።

አጎትሽ ቤት ተለይቼ ተቀምጫለሁ ያልኩሽ ውሸት ነው። ያለሁት ሆስፒታል ነው፣ የወረርሽኙ ሕመምተኞች የተኛንበት ሕንጻ፣ ሁለተኛ ፎቅ። አፍንጫዬ ላይ የኦክስጅን ቱቦ አለ። አልጋዬ መስኮት ሥር ስለሆነ እናትሽ የምትታከምበት የጨረር ሕክምና ክፍል በር ወለል ብሎ ይታየኛል። ይህን በማየቴ ደስ ይበለኝ ወይስ ልፍራ፣ እስካሁን አልቆረጥኩም።

የእናትሽን ነገር በስልክ ቁንጽል ቁንጽሉን ነው የሰማሽው። ዕጢው ከጡቷ በቀዶ ሕክምና ከወጣላት በኋላ ጨረር ያስፈልጋታል ተባለ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ለሳምንታት በየቀኑ መመላለስ ነበረባት። ወረርሽኙ ሲመጣ ግን ሐኪሟ ጠራችንና፣ «በተመላለሱ ቁጥር በበሽታው የመያዝ ዕድልዎ ይጨምራል። የአንዱን ቀን መጠን ከፍ አድርገን፣ በሳምንት አንድ ቀን፣ አምስት ጊዜ ብቻ እንስጥዎት» አለቻት።

እናትሽን ታውቂያት የለ! «ሰው ሲበዛባችሁ ነው እንዴ የኔ የሚያጥረው?» ብላ አፋጠጠቻት።

ሐኪሟ አልተቆጣችም። አጭሩ መንገድ ለጡት ካንሰር ከዚህ በፊት በጥናት መታየቱን፣ እነሱም አሁን የየታካሚውን ውጤት እየተከታተሉ መሆኑን፣ እናትሽ ከፈቀደች ለዓመታት በስልክ እየደወሉ እንደሚጠይቋት አስረዳቻት። «ለዓመታት» ስትል ነፍሴ መለስ አለች። ለዓመታት የሚደወልለት ሰው ይኖራል ተብሎ የታሰበ ሰው ነው ብዬ። እናትሽ ፈረመችና መኪና ውስጥ ገብተን፣ «በኔ ሊማሩ ነው» አለችኝ። «እኔስ ማስተማር የተማርኩት ባንቺ አይደል?» አልኳት፤ ሳቀች። የመጀመሪያ የመኪና መንዳት ተማሪዬ እሷ አልነበረች? ሦስት ጊዜ ወድቃ በአራተኛው መንጃ ፈቃድ ያወጣች፣ ስሜን ያስጠራች!

አንድ ነገር ግን ማለች፤ «በሩ ላይ ካልቆምክ አልገባም።» ሊፍት እንኳ የማትደፍር ሴት መሆኗን አትርሺ። ያ በር ደግሞ እንደ ግድግዳ የወፈረ ነው። ማሽኑ ሥር አስተኝተው፣ እጇን ከራሷ በላይ አድርገው፣ ሁሉም ወጥተው ይዘጉባታል። ከውጭ በካሜራ እያዩ በማይክ ነው የሚያናግሯት። ፈርታ ብትንቀሳቀስ ጨረሩ መሄድ የሌለበት ቦታ ሊሄድ ይችላል።

የመጀመሪያው ረቡዕ ስንደርስ አስታማሚ አይገባም ብለው ከግቢው በር መለሱኝ። እናትሽም ሽንጧን ገትራ አብራኝ ተመለሰች። መኪናውን ሳላስነሳ አንዲት የጨረር ክፍል ቴክኒሻን፣ ካንቺ ብዙም የማትበልጥ ልጅ፣ ማስኳን በእጇ እየደገፈች ሮጣ መጣች።

«እትዬ፣ ኧረ እንዳይሄዱብኝ! ጋሼ፣ እርስዎ ከዚሁ ይደውሉልኝ። ስልኩን ማይኩ ላይ እይዝልዎታለሁ።»

ደወልኩ። ምን ልበላት? «አይዞሽ» ብላት ጭራሽ እንደምትፈራ አውቃለሁ። አፌ ላይ የመጣው ዕድሜዬን ሙሉ ስለው የኖርኩት ነገር ነው። «መቀመጫሽን አስተካክዪ። ስፖኪዮ እዪ። መሪውን አታንቂው፣ ትከሻሽን ልቀቂ። ፍሪሲዮን... ማርሽ... ቀስ።» በሐሳብ ከቤታችን በር አስወጥቼ እስከ ድሮ ትምህርት ቤትሽ ወሰድኳት። ልጅቷ ኋላ፣ «ጋሼ፣ ንቅንቅ አላሉም እኮ!» አለችኝ። በሁለተኛው ረቡዕ ገበያ ሄድን፤ ጋሪ ገብቶብን ጥሩምባ ነፋን። ቴክኒሻኖቹ ሁሉ መንገዳችንን ለመዱት።

ከዚያ የፈሩት ይደርሳል እንደሚባለው ትኩሳት ያዘኝ። ተመረመርን፤ እኔ ፖዘቲቭ፣ እሷ ነጻ። የፈራሁት ለራሴ እንዳይመስልሽ። አብራኝ ስለኖረች ሕክምናዋን ያቋርጡባታል ብዬ ነው። አላቋረጡባትም። ሌሎቹ ታካሚዎች በሽታ የመቋቋም አቅማቸው የደከመ ነውና፣ ሁሉም ታክመው ከሄዱ በኋላ በመጨረሻ እንድትገባ አደረጓት። ሠራተኞቹ ከእግር እስከ ራሳቸው ተሸፍነው ይቀበሏታል፤ ስትወጣ ክፍሉ ይታጠባል። እኔም አጎትሽ ጋ እስኪሻለኝ ልቀመጥ ብያት ወጣሁ። ጥቂት ቀን ቆይቶ ትንፋሼ ሲያጥር አጎትሽ እዚህ አመጣኝ።

ልነግራት አልቻልኩም። ብታውቅ ጨረሩን ትታ ከመስኮቴ ሥር እንደምትቆም አንቺም ታውቂዋለሽ። ልጅ ሆነሽ ሳንባ ምች የያዘሽ ጊዜ ከወንበሯ ማን አስነሳት? ስለዚህ ሆድ ይፍጀው ብዬ ዝም አልኩ። በሦስተኛው ረቡዕ የኦክስጅኑ ፉጨት እንዳይሰማት ቱቦውን ነቅዬ ደወልኩ። እስከ አደባባዩ ድረስ ብቻ ወሰድኳትና «ዛሬ መንገድ ተዘግቷል» ብዬ አሳጠርኩት። ስዘጋ ከንፈሬ ጠቁሮ ነበር አሉ። ሲስተር እንደ ልጅ ተቆጣችኝ።

ከዚያ ወዲህ ባሰብኝ። አጠገቤ ተኝቶ የነበረው አናጺ ማክሰኞ ጠዋት ተወሰደ። ወዴት እንደሆነ አልጠየቅሁም። አልጋውን ሲጠርጉ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

ትናንት አራተኛው ረቡዕ ነበር። ግቢው ጭር ሲል እናትሽ ያንን አረንጓዴ ሹራቧን ደርባ ብቻዋን ስትገባ አየኋት። ደወልኩ። ልጅቷ ስልኩን ማይኩ ላይ አደረገችው። «መቀመጫሽን...» አልኩ፤ ሳል ቀደመኝ። እንደገና «መቀመጫሽን» ብዬ ሞከርኩ። አልወጣም። አለቀ፣ አሁን ተነስታ ትወጣለች፣ አንዷም ቀን በከንቱ ትቀራለች እያልኩ ስልኩን ጨብጬ ቀረሁ።

ከውስጥ የሷ ድምፅ መጣ።

«ዛሬ እኔ ልንዳ። አንተ ዝም ብለህ ተቀመጥ።»

«ከቤት ወጣሁ» አለች። «ፍሬቻ አበራሁ። ዳቦ ቤቱን አለፍኩ። አደባባዩ ላይ ቅድሚያ ሰጠሁ፤ ያኔ ፈተና የወደቅኩት በሱ ነው፣ አልረሳሁትም።» ድምፅዋ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ግን አላቆመችም። «ትምህርት ቤቱን ትቼ ሄድኩ። ሆስፒታሉ በር ደረስኩ። ዘበኛው ከፈተልኝ። የጨረሩን ሕንጻ በግራ ትቼ ወደ ኋላኛው ዞርኩ። ሁለተኛ ፎቅ፣ መስኮቱ ሥር። እዚህ አቁሜያለሁ። የእጅ ፍሬን ይዣለሁ።»

«ቱቦህን አፍንጫህ ላይ መልስ» አለችኝ። ከዚያ ለቴክኒሻኗ፣ «በይ ልጄ፣ በሩን ዝጊው።»

ማን እንደነገራት አልጠየቅሁም። አጎትሽ ይሆናል፤ ልጅቷ ግን እኔ አይደለሁም ብላ ምላለች። ከስንት ጊዜ ጀምሮ እያወቀች ዝም እንዳለችኝም አላውቅም። እኔ ፈርታ ታቋርጣለች ብዬ ስደብቃት፣ እሷ ፍርሃቷን ከኔ ስትደብቅ ከርማለች። ስትወጣ መሽቶ ነበር። ወደ መስኮቱ ቀና አላለችም፤ ቀጥ ብላ ወደ በሩ ሄደች።

ልጄ፣ እኔ ፈርቻለሁ። ስንቱን ፈሪ መሪ ያስጨበጥኩ ሰውዬ ማታ ዓይኔን ለመክደን እየፈራሁ ነው። በረራው ተዘግቶ አንቺ ካለሽበት አገር መምጣት እንዳልቻልሽ አውቃለሁ፤ በዚህ ራስሽን እንዳትወቅሺ። ደብዳቤውን የጻፍኩልሽ ለአንድ ጉዳይ ነው። የሚመጣው ረቡዕ አምስተኛውና የመጨረሻው ነው። ሲስተር የቴክኒሻኗን ስልክ ቁጥር ከዚህ ጋር ትልክልሻለች። ወደ ማታ ላይ አንቺ ደውዪላት፤ ማይኩ ላይ ትይዝልሻለች። ምን ልበላት ብለሽ አትጨነቂ፣ መንዳቱን ራሷ ትችላለች። አጠገቧ የሚቀመጥ ሰው ብቻ ነው የምትፈልገው።

ፈጣሪ ከክፉ ይሰውርሽ። የሄድሽበት ይቅናሽ፣ የደከምሽበት ይባረክልሽ። እዚያ ብርዱ ሲገባ ደረትሽን ሸፈን አድርጊ፤ እናትሽን ደግሞ አደራ።

የሚወድሽ አባትሽ