ከማሬ የተረፈው

ደብረ ማርቆስ

ይድረስ ለልጄ አባት፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤንነትህን እጠይቃለሁ። ጨጓራህ እንዴት ሆነ? ደጀን ላይ ከገደሉ አፋፍ የሚነሳው ንፋስ ለደረት አይመችም ይላሉና ሹራብህን አትተው። እኔ ደህና ነኝ። አስተምራለሁ፣ እበላለሁ፣ እተኛለሁ። ሰው ሲጠይቀኝ «እግዚአብሔር ይመስገን» እላለሁ። እህትህ ዘቢደር ከቁይ በመጣች ቁጥር ሳታየኝ አትመለስም፤ አሁንም ወደ አንተ ስለምታልፍ ደብዳቤውን የምልከው በእሷ እጅ ነው። ልደውልልህ ብዬ ስልኩን አንስቼ ነበር፤ ከሰላምታው በኋላ ምን እንደምል ጠፋኝ።

የምጽፍልህ ፈቃድህ የሚያስፈልግ አንድ ጉዳይ ስላለ ነው። ከመነሻው ልንገርህ።

ማሬ ገና ጡት ብቻ ትጠባ በነበረበት ጊዜ ላብራቶሪያችን የጤነኛ ሕፃናትን ሰገራ ይሰበስብ ነበር። አንድ ጠዋት ከዳይፐሯ ትንሽ ቆንጥሬ በብልቃጥ ስይዝ አይተህ ሳቅህብኝ። «ሰው ልጁን ትምህርት ቤት ይልካል፤ አንቺ ካካዋን ላክሽ» አልከኝ። ብልቃጡ ላይ ቁጥር ጻፍኩበትና ከሌሎቹ ጋር ዲፕ ፍሪዘር ገባ። ከዚያ በኋላ አላሰብኩትም።

ሥራችንን ብዙ ጊዜ ነግሬሃለሁ፤ አንተ ግን የምትሰማኝ እያንቀላፋህ ነበርና ልድገመው። የአንጀት የውስጥ ግድግዳ አንድ ረድፍ ሴል ብቻ ነው። ሴሎቹ ጎን ለጎን ተያይዘው ቆመው መጥፎው ነገር ወደ ደም እንዳያልፍ ያግዳሉ። ምግብ ያነሰው፣ ተቅማጥ የተመላለሰበት ሕፃን ሴሎቹ ይላቀቃሉ። ከዚያ በኋላ ቢያበሉትም አያገግምም። እኛ የምንፈልገው፣ እነዚያን ሴሎች መልሰው እንዲያያዙ የሚያደርጉ ባክቴሪያዎች በጤነኞቹ ልጆች ሆድ ውስጥ ይኖሩ እንደሆነ ነው።

ከዚያ፣ ጡት ከተወች በኋላ፣ ቁይ ሄዳችሁ። እናትህ ታመው የልጅ ልጃቸውን ማየት ፈለጉ፤ ይዘሃት ሄድክ። ትኩሳቱ ሲነሳባት መንገዱ ተዘግቶ ነበር። ከፊሉን በፈረስ፣ ከፊሉን በእግርህ ታቅፈሃት ስትመጣ መንገድ ላይ አረፈች። ይህን ለአንተ ለምን እንደምጽፍ አላውቅም፤ እዚያ የነበርከው አንተ ነህ። እስካሁን ግን በአፌም በእጄም ብዬው አላውቅም።

ከቀብሩ በኋላ አንተ ወደ ደጀን ዝውውር ጠየቅህ፤ እኔ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ሰዎች «ጠንካራ ናት» አሉኝ። ጥንካሬ አልነበረም። ቤት ገብቼ ልብሷን አጥፌ ሣጥን ውስጥ ስከት የሌላ ሰው ልጅ ልብስ የማጥፍ ይመስለኝ ነበር።

ባለፈው ክረምት መብራት ጠፍቶ ሰነበተ። ጄኔሬተሩ ናፍጣ አጣ። የላብራቶሪያችን ቴክኒሻን ሀይለመለኮት፣ ያ ረጅሙ፣ ከብት ከሚያዳቅሉት ሰዎች ዘንድ ሄዶ ለመነ። የኮርማ ዘር አቀዝቅዘው የሚያቆዩበት ፈሳሽ ናይትሮጂን አላቸው። የቻለውን ያህል ብልቃጥ ከኮርማዎቹ ዘር ጋር አስቀመጠልን። የቀረው ሁሉ ቀልጦ ተበላሸ። እኔ ቆሜ አየሁ። ሀይለመለኮት «የዚህን ሁሉ ዓመት ልፋት!» ብሎ ጭንቅላቱን ሲይዝ፣ እኔ ወለሉን ማን እንደሚወለውል ነበር የማስበው።

መብራት ሲመለስ የተረፉትን አንድ በአንድ አበቀልናቸው። አየር የማያስገባውን ዕቃ ከፍቼ የአንዱን ሳህን ክዳን ሳነሳ ነጫጭ ነጠብጣብ ሞልቶታል። ሽታውም መጣ። ጡት ጠግባ ትከሻዬ ላይ የምታወጣው የረጋ ወተት ሽታ ነው። ቁጥሩን አየሁ፤ በማሬ ብልቃጥ ላይ የጻፍኩት ነው። ሀይለመለኮት «ምነው?» አለኝ። «ምንም» አልኩት። ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ለማልቀስ ሞከርኩ፤ አልመጣም። ተመልሼ ገብቼ ጓንቴን አጠለቅሁ።

ከሁሉም የበረታው ያ ሆነ። በሳህን ላይ ያሳደግናቸውን የአንጀት ሴሎች አቁስለን ባክቴሪያውን ስናቀርብላቸው፣ አንድ ፕሮቲን ያወጣል። ፕሮቲኑ የሴሉ ደጃፍ ላይ ያርፍና መልእክቱ ወደ ውስጥ ይዘልቃል፤ ሴሎቹም እርስ በርስ ይጠጋሉ፤ ማፍሰሳቸውን ያቆማሉ። ደጋግመን ሞከርነው፤ ያው ነው። አዲስ አበባ ያሉ ባልደረቦቻችን ሰምተው፣ ለተጎዱ ሕፃናት መድኃኒት ይወጣው እንደሆነ እንሞክረው፣ ላኩልን አሉ። ሀይለመለኮት በደስታ አቀፈኝ። እኔም ፈገግ ማለት እንዳለብኝ ትዝ ብሎኝ ፈገግ አልኩ።

ነገሩ የሥነ ምግባር ኮሚቴው ዘንድ ደረሰ። ሰብሳቢው ዶክተር ኪዳነ ማርያም «ወላጆቹ የፈቀዱት ለፊተኛው ጥናት ነው። ለዚህኛው እንደ አዲስ ይጠየቁ። እናትየው ማን ናት? ትጠራ» አሉ። «እኔ ነኝ» አልኩ። ስብሰባው ላይ የነበረ ሁሉ ማሬን ቀብሯል። ሰብሳቢው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «አባትየውስ?» አሉኝ።

ሀይለመለኮት አዝኖልኝ መላ አመጣ። እንዲህ ያለው ባክቴሪያ አብዛኛውን ጊዜ በወሊድ ከእናት ወደ ልጅ ስለሚሄድ፣ ከራሴ ሆድ ከተገኘ የማሬን መንካት አያስፈልግም አለ። አንተንም ማስቸገር አይኖርም። እሺ ብዬ የራሴን ሰገራ ሰጠሁ። ፈለጉ፤ እኔ ዘንድ የለም። «እንግዲህ አብሯት ከሚኖር ሌላ ሰው ነው የወሰደችው» አለኝ።

አብሯት የሚኖር ሌላ ሰው አንተ ብቻ ነበርክ። ከመስክ ስትመለስ ገና በሩ ላይ ትንሿን ጣትህን አፏ ውስጥ ትከትላታለህ፤ እኔ «እጅህን ታጠብ!» እያልኩ እጮህብሃለሁ። ጣትህን ይዛ አለቅም ትልህ ነበር። ይህን ካወቅሁ ወዲህ አንተን ሳስብ የቁዩን መንገድ ብቻ አላይም።

እሷ እንዳልሆነች አውቃለሁ። ባክቴሪያ ነው። ተማሪዎቼን የማስተምረውን ነገር አልረሳሁም። ካልፈቀድክ በእንፋሎት ተቀቅሎ ይጣላል፤ ደንቡ ነው። ሌላ ሰው እንዲነካው ስለማልፈልግ እኔው አደርገዋለሁ። አልቀየምህም። እኔ ግን ፈርሜያለሁ።

ዶክተር ኪዳነ ማርያም ወረቀቱን በዘቢደር እጅ ልከን ፈርሞ ይመልስልን ብለውኝ ነበር። አይሆንም፣ አባትየው በአካል መቅረብ አለበት አልኳቸው። እንዲህ የሚል ደንብ የለም። እሳቸውም ያውቃሉ፤ ሆኖም እሺ አሉኝ።

እናትህን እግዚአብሔር ይማርልን። ለአንተም መንገዱን ሰላም ያድርግልህ፣ ኋላ ከመጸጸት ይጠብቅህ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ቢሮ አለሁ። ቅዳሜና እሑድ ብትመጣም ቤት አለሁ።

የማሬ እናት