ከአለማያ ሐይቅ እስከ ዮርድብሩ፦ የአቶ ይገዙ እሸቱ የሕይወት ታሪክ

አቶ ይገዙ እሸቱ ከአባታቸው ከአቶ እሸቱ ብዙነህ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሸዋሉል ሀይሌ በ1944 ዓ.ም. ሐረርጌ፣ አለማያ ሐይቅ አጠገብ ተወለዱ። ትምህርታቸውን እዚያውና ሐረር ከተማ ተከታትለዋል። ከትምህርት ቤት መልስ ግን ከሐይቁ አይጠፉም ነበር። እዚያው ያለው የእርሻ ኮሌጅ መምህራን ዳክዬ በጥይት ሲመቱ፣ ዋኝተው የሚያወጡት እሳቸው ነበሩ፤ እናታቸውም ርጥብ ልብሳቸውን እያዩ ይቆጧቸው ነበር።

ድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ ጥቂት ዓመታት ሠርተው፣ በጅቡቲ በኩል ተሰድደው በ1975 ዓ.ም. ስዊድን ገቡ። ዮርድብሩ በሚባል ከተማ በሚገኝ የዕቃ መጋዘን እስኪታመሙ ድረስ ሠርተዋል። በ1980 ዓ.ም. ከወይዘሮ አሰጋሽ ጋር በቅዱስ ቁርባን ተጋብተው ልጃቸውን ናዝሬትን ወለዱ።

ናዝሬት አማርኛ ትሰማለች፣ የምትመልሰው ግን በስዊድንኛ ነበር። አባቷ ስለ አገራቸው ማውራት ሲጀምሩላት ተነሥታ ወደ ክፍሏ ትገባለች። አቶ ይገዙ፣ “የት እንደ ተወለድኩ ሳታውቅ ልትቀብረኝ ነው” እያሉ ያዝኑ ነበር።

በ1995 ዓ.ም. ልመናዋ ሲበዛባቸው ዘሩ ላጎቶ የሚባል፣ ከርዳዳ ጸጉር ያለው ውሻ አመጡላት። ወይዘሮ አሰጋሽ፣ “ጸበል ባለበት ቤት!” ብለው አኮረፉ። ውሻውን አሳድጋ የሸጠችላቸው ሴት እንዳስረዳቻቸው፣ ዘሩ የመጣው ከጣሊያን ረግረግ ነው፤ ሥራውም የተመታ ዳክዬ ከውሃ ማውጣት ነበር። ረግረጉ ደርቆ እርሻ ሲሆን፣ መሬት ውስጥ የሚበቅል እንጉዳይ በማሽተት ኑሮውን ቀየረ።

አቶ ይገዙ ሳቁና፣ “ይሄማ የልጅነት ሥራዬ ነው!” አሉ። ናዝሬት ምን ማለታቸው እንደ ሆነ ጠየቀች፤ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ቁጭ ብላ እስከ መጨረሻው ሰማቻቸው። ውሻውን “ሐይቁ” ብላ የሰየመችው እሷ ናት።

በ1997 ዓ.ም. በስዊድን ክረምት፣ በረዶው ሳይቀልጥ፣ የአቶ ይገዙ እኅት ወይዘሮ ተዋበች ከአለማያ ደወሉ። ስልኩን ያነሡት ወይዘሮ አሰጋሽ ጮክ ብለው፣ “ሐይቁ አለቀለት?” አሉ። ናዝሬት ውሻው የሞተ መስሏት እያለቀሰች ወደ ግቢ ሮጠች፤ በረዶ ላይ ሲንከባለል አገኘችው። እየሳቀች ስትመለስ የሚያለቅሱት አባቷ ነበሩ። የደረቀው የእሳቸው ሐይቅ ነበር።

አጠገባቸው ተቀምጣ በአማርኛ፣ “አባዬ፣ ዳክዬዎቹስ የት ሄዱ?” አለቻቸው።

“እንደ ሐይቁ ዘመዶች ሌላ ሥራ ይዘው ይሆናል” አሏት፣ እንባቸውን እየጠረጉ።

አቶ ይገዙ ባደረባቸው የሳንባ ሕመም ሶልና ከተማ በሚገኘው ሆስፒታል ሲረዱ ቆይተው፣ ኅዳር 12 ቀን 2002 ዓ.ም. በተወለዱ በ57 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውንና እኅታቸውን ትተውልን ሄደዋል። ሐይቁ ከሐዘንተኛ ባይቆጠርም፣ ዛሬም በር በሩን ያያል።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በዕረፍት ውሃ ዘንድ ያሳርፍልን። ከላይ ስለ ልጅነታቸው የተጻፈውን በአማርኛ የነገረችን ናዝሬት ናት።