ከእኔ ጋር የጾመው ኪኒን

ኮልፌ፣ ጥር 9 ቀን 1964 ዓ.ም.

ውድ ልጄ አልፊያ፥

ሰላምታው ይቆይ፤ መጀመሪያ ይህን ስሚ። ዛሬ ጠዋት የፕሬድኒሶሎኑን የመጨረሻ ግማሽ ኪኒን ዋጥኩ! ሐኪሙ «ከነገ ጀምሮ አይወስዱም» ብሎኛል። ከክሊኒኩ እስከ ሱቄ በእግሬ መጣሁ፤ አልሳልኩም፣ አላለከለክሁም!

መስከረም ላይ ወደ ጎንደር፣ ወደ ነርስነት ትምህርትሽ ስትመለሺ ሳልመርቅሽ ቀርቻለሁ። በሩ ላይ ቆመሽ ስትጠብቂ እኔ የስፌት መኪናዬን ፔዳል እረግጥ ነበር። ምክንያቱን ሁለታችንም እናውቃለን። ሐኪም ለአስሜ ለዐሥር ቀን ያዘዘውን ኪኒን፣ ባዶ ጠርሙሱን ለመድኃኒት ሻጩ እያሳየሁ ለወራት ገዛሁት። ምን ላድርግ፣ ትንፋሽ ሰጠኝ። ፊቴም ሞላ፤ ሰፈሩ ሁሉ «ሰይፈዲን ተመቸው» አለ። ባለጋሪው ገሜዳማ «ሰውዬ፣ ጨረቃ ሆነሃል፤ ፋኖስ ምን ያደርግልሃል?» እያለ ይስቅብኝ ነበር። ወገቤ በሜትር ሲለካ ከሰማንያ አራት ሳንቲም ወደ ዘጠና ስድስት ገባ። ሱሪዬን ሦስት ጊዜ ፈትቼ አሰፋሁ።

አንቺ ብቻ አልሳቅሽም። «አባባ፣ ይሄ ድሎት አይደለም፤ መድኃኒቱ ነው። ግን በአንድ ጊዜ እንዳያቆሙት። ሰውነትዎ ራሱ ይሠራው የነበረውን ትቶ ኪኒኑን ነው የሚጠብቀው» አልሽኝ። ፊደልን ከስኳር መጠቅለያ ጋዜጣ ላይ ብቻዬን የተማርኩ ሰው፣ የአንድ ዓመት ተማሪ ልታርመኝ! «ዝም በይ» አልኩሽ።

ከሄድሽ በኋላ በመርፌ ቆርቆሮዬ ውስጥ ወረቀትሽን አገኘሁ። አንብቤ ተናደድኩ። ግን የተጻፈ ወረቀት ቀድጄ አላውቅም፤ ደረት ኪሴ ውስጥ ከተትኩት።

ጥቅምት ላይ ረመዳን ገባ። ሲጋራን በአንድ ቀን የተውኩ ሰው ነኝ፤ «ኪኒኑም ከእኔ ጋር ይጹም» ብዬ ጠርሙሱን ሣጥን ውስጥ ቆለፍኩበት። ሳይነጋ በሚበላው ሱሁር ልወስደው እችል ነበር። ለበሽተኛም ጾሙ ራሱ ይቅር የተባለ ነው። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። እልህ ነው እንጂ ሃይማኖት አልነበረም።

በአምስተኛው ቀን የስፌት መኪናው ላይ ተደፋሁ። አስመለሰኝ፣ አላበኝ፣ ጉልበቴ ከዳኝ። ገሜዳ በጋሪው ጭኖ ክሊኒክ አደረሰኝ። ሐኪሙ «አባት፣ ምን መድኃኒት ሲወስዱ ነበር?» ይላል፤ እኔ «ምንም» እላለሁ። እየሞትኩ እንኳ «ምንም»! ገሜዳ ማንበብ አይችልም፤ ወረቀቴን የት እንደማኖር ግን ያውቃል። «ዶክተር፣ ይሄ ሰውዬ የሚማከረው ከኪሱ ጋር ብቻ ነው» ብሎ ደረት ኪሴን ጠረጴዛው ላይ ገለበጠው።

ሐኪሙ ጮክ ብሎ አነበበ፦ «ለሚያክማቸው ሐኪም፤ አባቴ በየቀኑ ፕሬድኒሶሎን መውሰድ ከጀመሩ ሰባት ወር አልፏቸዋል። በድንገት አቁመው ይሆናል። ሲጠየቁ ይክዳሉ፤ አይመኑዋቸው።»

ወዲያው መርፌ ወጋኝ፣ ግሉኮስ ሰቀለልኝ።

«ማን ነው የጻፈው?» አለ።

«ልጄ» አልኩ። ያን ቀን የተናገርኩት እውነት ያቺ ቃል ብቻ ነበረች።

ከዚያ ወዲህ ዐሥራ ሁለት ሳምንት፣ በየጠዋቱ ቁርስ ከበላሁ በኋላ፣ ሐኪሙ በጻፈልኝ ልክ እየቀነስኩ ወሰድኩ። ኪኒኑን በምላጭ እከፍለዋለሁ። ገሜዳ አጠገቤ ተቀምጦ «ትርፉን ለኮሌታ አስቀምጠው» ይለኛል። ለአስሜ ሌላ መድኃኒት ታዞልኛል። ወገቤ ሰማንያ ዘጠኝ ላይ ነው!

ትናንት ጎረቤታችን ወርቄ ፊቷን ለማቅላት የዚሁ መድኃኒት ዘመድ የሆነ ቅባት ልትገዛ ስትል ደረስኩባት። «ማን አዘዘልሽ? ቆዳሽን ያሳሳዋል!» ብዬ መንገድ ላይ ጮህኩ። «ጋሽ ሰይፈዲን ደግሞ ነርስ ሆኑ እንዴ?» አለችኝ። ሆንኩ! ልጄ አስተማረችኝ አልኳት።

ሐኪሙ «ወረቀቱን ገና አንድ ዓመት ይያዙት፤ ብርቱ ሕመም ወይም ኦፕራሲዮን ቢመጣ ለሚያክምዎ ያሳዩ» ብሎኛል። ባይለኝም ከኪሴ አይወጣም።

ለአረፋ ነዪ። ነጭ ገዋንሽን ሰፍቼ ጨርሻለሁ፤ የደረት ኪሱን ሰፋ አድርጌዋለሁ። ምርቃቱን በፖስታ አልልክም። እዚያው በር ላይ ቁሚልኝ፤ በዚህ ጊዜ ከመኪናዬ ላይ እነሣለሁ።

በሩን እያየ የሚሰፋው አባትሽ፣
ሰይፈዲን