የሚታዘዝ ውሃ ለሠሩት መሐንዲስ

ለተከበሩ የጌሙ የውሃ ቤተ መቅደስ መሐንዲስ፣
ባሉበት አገር፣ ባሉበት ፎቅ፦

እንደምን ሰነበቱ? እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ በተለይም የቤትዎ ቧንቧ በሙሉ ጤንነት ላይ እንደሆናችሁ አልጠራጠርም። እኔ ወንድይፍራው የኔሰው እባላለሁ፤ በኮልፌ ቀራኒዮ፣ ከሳንሱሲ ፌርማታ ገባ ብሎ ባለ ግቢ ውስጥ ተከራይቼ የምኖር ሞባይል ጠጋኝ ስሆን፣ የምሠራበት ሕንፃ ለእድሳት በመዘጋቱ ባገኘሁት ያልጠየቅሁት ዕረፍት ጓደኛዬ ባሮክ ያዋሰኝን ጌም ስጫወት፣ እርስዎ በጥበብዎ ባነጹት የውሃ ቤተ መቅደስ ውስጥ ገብቼ መውጫው እንደጠፋኝ በታላቅ አክብሮት አሳውቃለሁ።

አቤቱታዬን ከማቅረቤ በፊት ከፎቅዎ ላይ ሆነው ላያውቁት የሚችሉትን አንድ ነገር ላስረዳዎ። በግቢያችን ያለው ቧንቧ አንድ ነው። ውሃ በሳምንት አንድ ጊዜ ይመጣል፤ በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት የሚለውን ግን ከራሱ ከውሃው በቀር የሚያውቅ የለም። ስለዚህ ቧንቧውን ከፍተን ከሥሩ ባዶ ባልዲ እናስቀምጣለን። ባልዲው ሲጮኽ መጀመሪያ የሰማው ሰው የሁሉንም በር እያንኳኳ ይጠራል፤ ጄሪካኑ ይሰለፋል፣ ቤቱ ለሌለም ሰው ይቀዳለታል። የምንኖረው በጆሯችን ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

አንደኛ፤ ውሃዎ ታዛዥ ነው። የጌሙ ጀግና የድንጋዩን መዘውር ሲያዞረው እስከ ላይኛው ፎቅ ይወጣል፤ መልሶ ሲያዞረው ያለ ምንም ቅሬታ ይወርዳል። እንዲህ ያለ ሥርዓት ያለው ውሃ በሕይወቴ አይቼ ስለማላውቅ፣ ቁልፉ የተደበቀበትን ክፍል መፈለጌን ትቼ መዘውሩን ብቻ ሳዞር የዋልኩበት ቀን አለ። አንድን ጎልማሳ ሰው ውሃ ስለታዘዘለት ብቻ እንደ ንጉሥ እንዲሰማው ማድረግዎ ከባድ ጥፋት ነው፤ ቢሆንም አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፤ የውሃዎ ድምፅ ከእውነተኛው ይበልጣል። ቴሌቪዥኔን ከትልቁ ስፒከር ጋር አገናኝቼ መዘውሩን ባዞርኩበት የመጀመሪያ ቀን፣ በግድግዳ የምንዋሰነው እማማ አስካለማርያም ነጠላቸውን እንኳ ሳያስተካክሉ ጄሪካን ይዘው ሲወጡ በመስኮት አየሁ። ሌላዋ ጎረቤታችን ሃፊዛም ወጧን እሳት ላይ ትታ ተከተለቻቸው። ባልዲው ባዶ ነበር። ወጥቼ ጌም መሆኑን ስነግራቸው ተሳሳቅን፤ እማማም እርጅና ጆሯቸውን እያታለለው መስሏቸው ደንግጠው እንደነበር ነግረውኝ ተመለሱ።

ሦስተኛ፤ ይህኛውን በእርስዎ ላይ እንዴት እንደማላክከው ብዙ አስቤያለሁ። በማግስቱ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍ ያደረግሁት እኔ ነኝ፤ ያውም ሆን ብዬ፣ ሲወጡ ለማየት። ወጡ። እኔም ከመጋረጃው ኋላ ሆኜ ሳቅሁ፤ ደስታዬን ብቻዬን እንዳልበላው ለባሮክ ደውዬ ነገርኩት። ድምፁን ያን ያህል ያሳመሩት እርስዎ ስለሆኑ ኃላፊው እርስዎ ነዎት ብዬ ለመከራከር ሞክሬ ነበር፤ ክርክሩ እኔንም አላሳመነኝ።

ባለፈው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ውሃ መጣ፤ የእኛው፣ እውነተኛው። እኔ መዘውሩን አዙሬ ውሃዎ ሲወጣ እያየሁ፣ የባልዲው ጩኸት ከቤተ መቅደስዎ የሚመጣ መስሎኝ በሥራዎ ጥራት እየተደነቅሁ ነበር። ግቢው ሁሉ በየቤቱ ሆኖ ሰምቷል፤ አንድም ሰው አልወጣም። በኋላ በሬን ስከፍት ግቢው ጭቃ ሆኗል፣ ውሃው በቦዩ ወርዷል፣ ቧንቧው አየር እየተፋ ነው። የቀረልን ባልዲው ውስጥ ያለው ብቻ ነበር።

እሑድ ደግሞ የእማማ አስካለማርያም የልጅ ልጅ ክርስትና ነበረ። ልጃቸው እፀገነት ስንት ዓመት ስለት ስትሳል ቆይታ የወለደችው ልጅ ነው፤ ግቢው በሙሉ ተጠርቷል፤ ድግሱም የሚጠብቀው ያንኑ ውሃ ነበር። ይቅርታ ልጠይቅ በራቸው ላይ ስቆም እማማ አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይቀለኝ ነበር። ቀና ብለው አይተውኝ፣ "ሰምቼው ነበር እኮ ልጄ፤ ያንተ ጨዋታ ነው ብዬ እፀገነትን ተቀመጪ አልኳት" አሉኝ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የሚባለው ነገር እንዳኮረፈኝ ነው።

በዋዜማው ቅዳሜ አራሷ እፀገነት ወገቧን ይዛ፣ አስኮ ካሉ ዘመዶቿ ቤት ያስቀዳችውን ጄሪካን ከሚኒባስ ስታወርድ አገኘኋት። ተቀበልኳት፤ ቀኑንም ሙሉ ስሸከም ዋልኩ፤ ግን የአንድ ግቢ ድግስ በትከሻ ተሸክመው የሚጨርሱት አይደለም። ድግሱ ለቅርብ ዘመድ ብቻ እንዲሆን ተወሰነ። ጎረቤት እንዳይቀየም በየበሩ እየዞሩ ይቅርታ የጠየቁት እማማ አስካለማርያም ናቸው። የእኔንም በር አንኳኩተዋል።

አራተኛ አቤቱታም ነበረኝ፤ የሚከሰሰው ሰው አድራሻ ከእኔው አድራሻ ጋር አንድ ሆኖ ስላገኘሁት ትቼዋለሁ። ከእርስዎ የምለምነው ትንሽ ነገር ነው፤ በሚቀጥለው ሥራዎ ጀግናው ጎረቤቶች እንዲኖሩት ቢያደርጉ። ውሃ ሲመጣ በራቸውን ማንኳኳት ያለበት፣ ሳያንኳኳ ከቀረ ደግሞ ሽልማቱ የሚወሰድበት ቢሆን፣ ብዙ ወጣት ከእኔ ይማር ነበር።

ውሃዎ ዘወትር እንደታዘዘዎት ይኑር እያልኩ፣ ስለጠቀሙኝም ስለጎዱኝም ከልብ አመሰግናለሁ፤
ቤተ መቅደስዎን ሳይጨርስ የተወው አክባሪዎ፣
ወንድይፍራው የኔሰው፣ ከኮልፌ ቀራኒዮ

ማስታወሻ፦ ክርስትናው በሰላም አልፏል። እማማ አስካለማርያም ከዚያችው ከተቆጠበች ድግስ ሳህን ሙሉ ምሳ ሸፍነው ላኩልኝ፤ ቤቴ ውሃ እንደሌለ ስለሚያውቁ ለእጄ መታጠቢያ አንድ ሃይላንድ ውሃ ጨምረውበታል። በአገራችን ሳህን ታጥቦ ነው የሚመለሰው። የበደሉትን ሰው ሳህን በራሱ በተበዳዩ ውሃ አጥቦ፣ በሩን አንኳኩቶ፣ ዓይኑን እያዩ ለመመለስ ምን ማድረግ እንደሚገባ፣ መቼም እርስዎ የውሃ ሊቅ ነዎትና፣ በቶሎ ቢያስታውቁኝ።