ደሴትህን አይቼ መጣሁ

ታዴዬ፣ የቤቴ ሰው፣

ከተለያየን አንድ ዓመት ከአምስት ወር ሆነን። ይህን የምጽፍልህ የስፌት መኪናዬ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ የሰው ጨርቅ ወደ ጎን ገፋ አድርጌ። ልጆቹ ትምህርት ቤት ናቸው፣ ቤቱ ጸጥ ብሏል። ሌላዋ ብትሆን ነፍስህን ይማር ብላ ትተውህ ነበር፤ እኔ ግን የምጠይቅህ ነገር አለኝ። ደግሞም ልንገርህ፣ ተቆጥቼብሃለሁ።

መጀመሪያ የቤታችንን ወሬ ልስጥህ። ማርታ አራተኛ ክፍል ገብታለች፤ ስትናደድ ልክ እንዳንተ የታች ከንፈሯን ትነክሳለች። ሊያ የፊት ጥርሶቿ ወልቀው የገዛ እህቷ እንኳ ንግግሯን አትሰማም። የአናጢ ዕቃህን አልሸጥኩም። መላጊያህን ብቻ አንድ ሰው ተውሶ አልመለሰም፤ ማን እንደሆነ አውቃለሁ። የጸሎት ቤታችን በር መንግሥት እንዳሸገው ነው፤ በየቤቱ ሦስት አራት እየሆንን ድምፃችንን ዝቅ አድርገን እንጸልያለን። ቀበሌው ደግሞ ዓይኑን ቤታችን ላይ ጥሏል። ባለፈው ሰኔ ሁለት ሰዎች መጥተው ክፍሎቹን ዞር ዞር ብለው አዩና «ለአንዲት ሴትና ለሁለት ሕፃናት ሁለት ክፍል አይበዛም?» አሉኝ። አንደኛው የሥራ ቦታዬ ነው ብዬ የቆረጥኩትን ጨርቅ አሳየኋቸው። ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ግን ኮቴ ደጃፌ ላይ ቆም ባለ ቁጥር ልቤ አብሮ ይቆማል።

ወንድምህ ጋሼ በቀለ የመጡት በዚህ መሀል ነው። ከቀብርህ ቀን በቀር አይቻቸው አላውቅም። ኅዳር ላይ የደረቀ ዓሣ በዘንቢል ይዘው ድንገት ከች አሉ። ልጆቹን ሳሙ፣ ትንሽ አለቀሱ፣ ውኃ ጠጡና ወዲያው ወደ ጉዳያቸው ገቡ።

«አበበች፣ እዚህ ከተማ ምን ትሠሪያለሽ? ወደ ደሴቱ ነይ። ቤት አለ፣ መሬት አለ፣ ዓሣ አለ። ኪራይ የለም፣ ስብሰባ የለም። ሁሉም ነገር በነጻ ነው» አሉኝ።

እኔ ደግሞ ሰው በነጻ የሚለው ነገር መጀመሪያ የሚያስጠረጥረኝ ሴት እንደሆንኩ ታውቃለህ። አንድ ቀን ብቻ ላያት ሴት ቤትና መሬት የሚሰጥ ማን ነው? የወንድሜን ሚስት ልውረስ የሚሉ መሰለኝ። ቀጥሎ የስፌት መኪናዬን ደጋግመው ሲያዩ ልቤ ወደዚያ ሄደ። በማግስቱ ደግሞ ጎረቤታችን ከድጃ፣ ባለ ሱቋ፣ በአጥር በኩል ጠራችኝ።

«አቡዬ፣ ይሄ እንግዳሽ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ምን ይሠራል? አሁን ከዚያ ሲወጣ አየሁት።»

ደሜ ፈላ። ሲመጡ ቁጭ አድርጌ ጠየቅኳቸው። አልሸሸጉም፤ «መሸኛ እንዲያዘጋጁልሽ ነግሬያቸው ነው፣ ነገሩ እንዲፈጥንልሽ ብዬ» አሉ።

«ማን ጠየቀዎት?» አልኳቸው። ታላቅህ ናቸው፤ እንዲያ ተናግሬያቸው አላውቅም ነበር፣ ወደፊትም አልናገራቸው ይሆናል። መሸኛ ማለት እኮ ይህን ቤት መልቀቅ ማለት ነው። አንዴ ከለቀቅኩት በማግስቱ ሌላ ሰው ይገባበታል፤ ባልወደውስ፣ ተመልሼ የት እገባለሁ?

ግን ታዴ፣ እውነቱን ልንገርህ፣ ከእሳቸው ይበልጥ የጠረጠርኩት አንተን ነው።

ዘጠኝ ዓመት ስለዚያ ደሴት አወራኸኝ። የሾላው ጥላ፣ ገደሉ ላይ በድንጋይ ተደርድሮ የተሠራው እርሻ፣ ጠዋት ጠዋት ውኃው ላይ የሚያርፉት ወፎች። ልጆቹ እንቅልፍ እንቢ ሲላቸው የምትነግራቸው ይህንኑ ነበር። ውሰደን ስልህ ግን ክረምቱ ይውጣ ትለኛለህ፤ ክረምቱ ሲወጣ ልጅቷ ጡት ትጣል፤ ጡት ስትጥል ሥራ በዛ። እሁድ እሁድ ጉዱማሌ ሜዳን አልፈን የአዋሳ ሐይቃችን ዳር ስንወርድ እኔና ልጆቹ ውኃ ውስጥ ጠጠር እንወረውራለን፤ አንተ ጀርባህን ለውኃው ሰጥተህ ትቀመጣለህ። የደሴት ልጅ ከሐይቅ ፊቱን ሲያዞር እያየሁ አጥብቄ ሳልጠይቅ ቀረሁ። ፀሐዩ ነው ስትለኝ አመንኩህ።

ከሞትክ በኋላ ደግሞ ከሳጥንህ ሥር፣ በጨርቅ የተጠቀለለ የሴት የዶቃ አምባር አገኘሁ። የኔ አይደለም። የልጆቹም አይደለም። ይህን አምባር ስንት ቀን በእጄ ይዤ እንደተቀመጥኩ አትጠይቀኝ። በደሴቱ ሌላ ቤት፣ ሌላ ሴት፣ ምናልባትም ልጅ አለህ አልኩ። ጋሼ በቀለም የሚጎትቱኝ እሷን አስጠግተው ንብረትህን ሊያካፍሉን ነው አልኩ። ሐሳብ ሲጀምር የት እንደሚያቆም አይታወቅም።

ስለዚህ መሸኛውን እንቢ አልኩና ለዘመድ ጥየቃ ተብሎ የአንድ ሳምንት ይለፍ ብቻ አስጻፍኩ። ልጆቹን ለከድጃ ሰጠኋት። አምባሩን ጡቴ ሥር ደብቄ ከጋሼ በቀለ ጋር አውቶቡስ ተሳፈርን። ኬላው ላይ ወረቀቴን ሦስት ጊዜ ገለባበጡት። ዝዋይ ደርሰን ወደ ሐይቁ ዳር ስንወርድ አንድ አዲስ የጭቃ ቤት አየሁ፤ ግድግዳው ገና አልደረቀም። ከውስጥ አንዲት ሴት ብቅ ብላ «የልጆቼ አባት፣ መጣህ?» አለቻቸው። ጋሼ በቀለ ደንግጠው ክንዴን ያዙና «ንፋሱ ሳይነሳ እንሂድ» ብለው ወደ ጀልባው አጣደፉኝ። ሚስታቸው ናት። ሚስታቸውና ልጆቻቸው ዳሩ ላይ ናቸው፤ እኔን ግን ወደ ደሴቱ ይወስዱኛል። አፌን ዘግቼ ተሳፈርኩ።

በጀልባው ላይ ዓይኔ ሥራ አልፈታም። ዱቄቱ በጀልባ፣ ጨው በጀልባ፣ ላምባው በጀልባ፣ ሳሙናው በጀልባ። ወፍጮው ዳር ነው ያለው፤ እህሉ ተጭኖ ይሄዳል፣ ዱቄቱ ተጭኖ ይመለሳል። አጠገቤ ወገቧን የያዘች ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ለምርመራ ሄዳ ንፋስ አግዷት ሁለት ቀን ዳር ስትጠብቅ ሰንብታለች። በነጻ የተባለው ኑሮ ይሄ ነው አልኩ በልቤ። አዋሳ ወፍጮ ቤቱ በእግር ነው፣ ጤና ጣቢያው በእግር ነው።

ደሴቱን ግን አልዋሸኸኝም። ውብ ነው። ሾላውም፣ የድንጋይ እርከኑም፣ ወፎቹም አንተ እንዳልከው ናቸው። ያልነገርከኝ ከሦስት ቤት አንዱ መዘጋቱን ነው። በሮቹ በገመድ ታስረዋል፣ አጥሩ ፈርሷል። ሰዉ ሁሉ ወደ ዳር እየወጣ ነው፤ ትምህርት ቤቱ ዝቅተኛ ክፍሎች ብቻ ነው ያሉት።

እናትህ ደጃፋቸው ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ቀጭን፣ ቀጥ ያሉ፣ አማርኛቸው ሰበር ያለ። ዓይናቸው ያንተ ነው። በማግስቱ ጠዋት ጋሼ በቀለ መረብ ሊያነሱ ሲሄዱ ሁለታችን ብቻ ቀረን። እሳቸው ዓሣ እየጠረጉ ቀና ሳይሉ ጠየቁኝ።

«ልጄ በሕይወት ሳለ አንቺን አላመጣሽም። አሁን ለምን መጣሽ?»

መዋሸት አቃተኝ። አምባሩን አውጥቼ መዳፋቸው ላይ አደረግኩ። «ልጅዎ እዚህ ሌላ ሴት ነበረችው ወይ ብዬ ነው እማማ» አልኳቸው።

ቢላዋውን አስቀመጡ። አምባሩን በቀሚሳቸው ጫፍ ጠረጉት፣ ደጋግመው ጠረጉት። «ይሄ የሙሉ ነው። የልጄ» አሉኝ።

እህት እንደነበረችህ እንኳ አላውቅም ነበር ታዴ።

የነገሩኝን እንደነገሩኝ እጽፍልሃለሁ፤ ስማው። አናጢነቱን ዳር ወጥተህ ተምረህ ስትመለስ በደሴቱ የመጀመሪያውን የሳንቃ ጀልባ የሠራኸው አንተ ነህ። ሁሉም ሰው ሊያየው መጣ። አንዱ የሳንቃ መጋጠሚያ ውኃ የሚከለክለውን ቅጥራን አልተቀባም ነበርና «ነገ እጨርሰዋለሁ» ብለህ ወደ ሌላ ሥራ ሄድክ። ሙሉ የዚያን ቀን ጠዋት እህል ጭና ወደ ወፍጮ ወጣች። የወንድሜ ጀልባ ነው ብላ እየኮራች ነበር የወጣችው። ጀልባው ውኃ ሞልቶት ተገኘ፤ እሷ አልተገኘችም። ለሰባት ቀን ፈለግክ። በስምንተኛው ቀን፣ ቤት ትታው የወጣችውን አምባሯን ይዘህ፣ ለማንም ሳትነግር ሄድክ። ከዚያ ወዲያ የመጣው በሰው እጅ የምትልከው ጨርቅና ስኳር ብቻ ነው።

«ረግመውት ነበር እንዴ?» አልኳቸው።

«እኔ? እኔማ በየበዓሉ ደጅ ደጁን ሳይ ነው የኖርኩት። የሄደው እሱ ነው። ከኔ የሸሸ መስሎት፣ ከኔ አልነበረም» አሉ። ከዚያ አምባሩን እጃቸው ላይ ሊያስሩት ሞከሩ፤ ገመዱ አጠረ፣ እኔ በክር ቀጠልኩላቸው። ሁለታችንም ያን ጊዜ አለቀስን።

ጥርጣሬዬ ግን በዚህ አላለቀም፤ ጋሼ በቀለ ነበሩና። ሲመለሱ እናትህ ፊት ጠየቅኳቸው። «ቤትዎ ዳር ላይ ነው። ልጆችዎ ዳር ላይ ናቸው። እኔን እዚህ ለምን አመጡኝ?»

መረቡን ከትከሻቸው አወረዱ። አፈሩ። «ልጆቼ መማር አለባቸው። እናቴ ደግሞ ከዚህ አትነሳም፤ ሙሉ ውኃው ውስጥ ናት። ብቻዋን ጥያት ልሂድ? አንቺ ብትኖሪላት ብዬ ነው» አሉኝ።

እናትህ ቀና አሉ። «እኔ አልነሳም ያልኩት መቼ ነው?»

ጋሼ በቀለ መረቡን ማጠፍ ጀመሩ።

«ዕቃ በጀልባ ስታወጣ ስድስት ወር አየሁህ። ሚስትህን ስታወጣ አየሁ። ዕውር መሰልኩህ? አንድ ቀን እናቴ ትሄጃለሽ ወይ ብለህ ጠይቀኸኛል? ውኃው እዚያም ያው ውኃ ነው። በርህ ወደ ሐይቁ ከሆነ እመጣለሁ።»

የአዲሱ ቤት በር ግን ወደ መንገድ ነበር። ጋሼ በቀለ ያን ጊዜ እንደ ልጅ ሲያለቅሱ አየኋቸው። ስመለስ አብረን ዳር እንደደረስን ባልደረቀው ግድግዳ በሐይቁ በኩል ሌላ በር ሊያወጡ መለካት ጀመሩ። እናትህ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተሻገሩ፤ ይህን በሰው አስነገሩኝ።

ጋሼ በቀለ እኔንም ዳር ላይ እንድቀር ለመኑኝ። «ደሴቱ ከከበደሽ እዚህ ኑሪ፣ ቦታ ርካሽ ነው» አሉ። ዞሬ አየሁት። ለምን ረከሰ ብዬ የጎረቤቱን ሴት ጠየቅኳት፤ በክረምት ውኃው እስከ ደጃፍ እንደሚመጣ፣ ወባው ሕፃን እንደማይምር ነገረችኝ። ጋሼ በቀለ ይህን አልነገሩኝም። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ግማሹን ብቻ የሚናገሩ ሰው ናቸው። አንተም እንደዚያው ነበርክ፣ የቤታችሁ ጠባይ ሳይሆን አይቀርም።

አስቤ አስቤ እዚሁ አዋሳ ቀረሁ። ሁለቱ ክፍሎች ጠባብም ቢሆኑ የኔ ናቸው፤ ደንበኞቼ እዚህ ናቸው፤ ልጆቹ በእግራቸው ሄደው ይማራሉ። ጋሼ በቀለ ያስጀመሩትን መሸኛም ቀበሌው ድረስ ሄጄ አሰረዝኩት። ጸሐፊው በጥርጣሬ አየኝ፣ እኔም አየሁት። ትምህርት ሲዘጋ ልጆቹን ይዤ ወደ እናትህ እሄዳለሁ፤ ተስማምተናል።

አንተን ግን ምን ላድርግህ? ዘጠኝ ዓመት ከጎኔ ተኝተህ ይህን ለብቻህ ተሸከምክ። እኔ እንዳላዝን ነው ወይስ እኔ እንዳልፈርድብህ? የመጀመሪያው ቢሆን ደስ ይለኛል፤ ሁለተኛው ይመስለኛል። ብትነግረኝ አልፈርድብህም ነበር። ይህን ሳታውቅ መሄድህ ነው ያናደደኝ።

ልጆቹ አሁን ሁሉንም ያውቃሉ። ሊያ «አክስቴ ለምን ዋና አልተማረችም?» ብላ ጠየቀችኝ። ስለዚህ ከሚቀጥለው ቅዳሜ ጀምሮ ሐይቃችን ዳር፣ ውኃው ጉልበት በሚደርስበት፣ የከድጃ እህት ዋና ታስተምራቸዋለች። እኔም አብሬ እገባለሁ፤ ያረጀ ቀሚስ አዘጋጅቻለሁ፤ ሰው ይስቅ።

ጠዋት ጠዋት ስንጸልይ ስምህን እጠራለሁ፣ እስካሁን እንደጠራሁት። አሁን ግን ብቻህን አልጠራህም። ታደሰና ሙሉ እላለሁ፤ ልጆቹም እንዲያ ማለት ለምደዋል። እስትንፋሴ እስካለ ድረስ ሁለታችሁን አልለያችሁም።

ሚስትህ አበበች